ዕውቀት የሚገዛው በማን ገላ ነው?

የሰው ልጅ ከሚፈራቸው ደዌዎች መካከል የልብ ደዌ ከፍ ያለ ስፍራ ተሰጥቶታል። ልብ በቋንቋችን የአሳብ መኖሪያና የድፍረት ምንጭ ነውና፤ «ልበ ሙሉ»፥ «ልበ ቢስ»፥ «ልቤ አልወደደውም» እያልን የምንናገረው ሁሉ ይህን ክብሩን ይመሰክራል። ስለዚህ አንድ ሐኪም የሰውን ደረት ከፍቶ ልብ ጠገነ በተባለ ጊዜ ዓለም ሁሉ በአድናቆት ይነሣል። በልጆች ገላ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የሚወጣው ጭርት፥ ጠጉርን እያረገፈ ራስን የሚያቆስለው ቆረቆር፥ በአንገትና በደረት ላይ የሚነጣው ቋቁቻ ግን የማንንም አድናቆት አይቀሰቅሱም። እናት በቅቤና በቅጠል የምትሞክራቸው፥ የትምህርት ቤት ጓደኞች የሚሳለቁባቸው፥ ሐኪሙም ቢሆን በሁለት ቃል ጽፎ የሚያሰናብታቸው ደዌዎች ናቸው። እነዚህን የሚያመጡት ፈንገስ የሚባሉት ፍጥረቶች ሲሆኑ፥ በእንጀራ ላይ የምናየው ሻጋታና ከዝናም በኋላ ከመሬት የሚበቅለው እንጉዳይ ዘመዶቻቸው ናቸው።

እነዚህን ሁለት የተራራቁ ነገሮች በአንድ ጽሑፍ ያገናኘኋቸው ስለ አንድ ጥያቄ ብዬ ነው። ሐኪም የማያውቀውን ለማወቅ ሲነሣ ከሰው ገላ በቀር የመጨረሻ መፈተኛ የለውም። አይጥና ውሻ እስከ አንድ ደረጃ ያደርሱታል፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሰው የመጀመሪያው መሆን አለበት። ያ የመጀመሪያ ሰው ማን ይሁን? ፈቃዱንስ ማን ይጠይቀው? ፈቃድ መስጠት የማይችል ሕፃን ቢሆንስ? ጥበቡ ሲሳካ የሚጠቀመው ሌላው፥ ሲከሽፍ የሚጎዳው እሱ ከሆነ፥ ይህ እንዴት ያለ ፍርድ ነው? ጥያቄውን በባዶ አሳብ ከማብሰልሰል ይልቅ በታሪክ በታወቁ ጥቂት ሥራዎች ላይ ቆሞ መመርመር ይሻላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።)

ደዌን የሚያመጡ ረቂቃን ነፍሳት ሲነሡ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ፓስተርንና ኮክን ነው። ነገር ግን በመጀመሪያ ከተደበቁበት የተገኙት ባክቴሪያዎች ሳይሆኑ ፈንገሶች ነበሩ። አጎስቲኖ ባሲ የተባለ ኢጣልያዊ የሐር ትሎችን እየገደለ በላያቸው ነጭ ዱቄት የሚያለብሰውን በሽታ ዓመታት ከመረመረ በኋላ፥ ምክንያቱ ከትል ወደ ትል የሚተላለፍ ፈንገስ መሆኑን በ1835 ዓ.ም. አስታወቀ። ኮክ የአባ ሰንጋን ነገር ከመግለጹ አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ከዚያም በ1839 ዓ.ም. ሾንላይን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የቆረቆርን ቅርፊት በአጉሊ መነጽር ተመልክቶ በውስጡ ፈንገስ አገኘ፤ በ1841 ዓ.ም. ደግሞ ግሩቢ በፓሪስ ይህንኑ በራሱ መንገድ ደርሶበት በሰፊው ጻፈው። እንግዲህ ረቂቅ ነፍስ የሰውን ደዌ ሊያመጣ እንደሚችል ከታወቀባቸው የመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዱ የድሃ ልጅ ራስ ነበር ማለት ነው።

በዚሁ ዘመን በበርሊን ሮበርት ሬማክ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ነበረ። የቆረቆርን ቅርፊት ተመልክቶ ክሮቹን ካዩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው፤ ነገር ግን ማየት ብቻ አልበቃውም። ፈንገሱ በቆሰለ ገላ ላይ እንዲያው የበቀለ እንግዳ ነው ወይስ ራሱ የቁስሉ አባት ነው? ይህን ለመለየት በጤነኛ ገላ ላይ መዝራት ያስፈልግ ነበር። ሬማክ በሆስፒታል ውስጥ ድሃ ልጅ መፈለግ አላቃተውም፤ በጊዜው ማንም አይከለክለውም ነበር። እሱ ግን ቅርፊቱን በራሱ ክንድ ላይ አሠረ። ቁስሉ ወጣ፤ ተላላፊነቱም ተረጋገጠ፤ በ1842 ዓ.ም. ይህን አሳትሞ አወጣው። ፈንገሱን በስም ሲሰይመውም ለራሱ ክብር ሳይሻ በሾንላይን ስም ጠራው። አይሁዳዊ በመሆኑ በፕሩስያ ሕግና ልማድ ሙሉ ፕሮፌሰርነት የተነፈገው ሰው መሆኑን ስናስብ፥ በስሙ የሚጠራ አንዲት ነገር እንኳ ቢያቆይ ማን በፈረደበት እላለሁ።

ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ አዋቂው ራሱ መፈተኛ የሆነበት። ንጹሕ መሆኑን ማንም አይክድም። ሆኖም ሁሉንም ዕውቀት በዚህ መንገድ መግዛት አይቻልም። ሐኪም በገዛ ክንዱ ላይ ቆረቆር ሊያወጣ ይችላል፤ በገዛ ልቡ ግድግዳ ላይ ግን ቀዳዳ ከፍቶ መልሶ ሊሰፋው አይችልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ቆረቆርን የሚያመጣው ከታወቀ በኋላ መድኃኒቱ ሳይገኝ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ፈንገሱ በጠጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚደበቅ የሚቀባ ቅባት አይደርስበትም። ስለዚህ ሐኪሞች ጠጉሩን ከነሥሩ ለመንቀል ተነሡ። በአውሮፓ ሆስፒታሎች የዝፍት ቆብ በልጁ ራስ ላይ ይለጠፍና ሲደርቅ ጠጉሩን ይዞ እንዲወጣ በኃይል ይመነጨቅ ነበር። ይህ ጭካኔ በነበረበት ዘመን የራጅ ጨረር ተገኘ፤ ጨረሩ ያረፈበት ጠጉር ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያለ ሕመም እንደሚረግፍ ታየ። በ1904 ዓ.ም. በፓሪስ ሳቡሮ የተባለው ዝነኛ የቆዳ ሐኪም ስልቱን አደራጅቶ አስተማረ። በዝፍት ቆብ ፈንታ አንድ ጊዜ በመኪና ፊት መቀመጥ በቃ። በጊዜው ይህን ምሕረት ነው ያላለ አልነበረም፤ እኔም በዚያ ዘመን ብሆን ከዚህ የተለየ የምናገር አይመስለኝም።

ጨረሩ በልዩ ልዩ አገሮች ለአምሳ ዓመት ያህል በልጆች ራስ ላይ ሠራ። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በእስራኤል የተደረገው ነው። ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1960 ዓ.ም. አካባቢ ድረስ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ስደተኞች ልጆች ጭርትና ቆረቆር አለባቸው እየተባሉ በሺህ የሚቆጠሩት በጨረር ታከሙ። ብዙዎቹ ወላጆች በልጆቻቸው ላይ ምን እንደሚደረግ በሚገባ እንዳልተነገራቸው ኋላ መስክረዋል። ጠጉሩ ረገፈ፥ ፈንገሱ ጠፋ፥ ልጆቹ አደጉ። በ1974 ዓ.ም. ሞዳን የተባለው ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋር አሥራ አንድ ሺህ የሚያህሉ እንደነዚህ ያሉ ሰዎችን ጨረር ካላገኛቸው እኩዮቻቸውና ወንድሞቻቸው ጋር አስተያይቶ፥ የራስና የአንጎል እጢ እንደዚሁም የእንቅርት እጢ ካንሰር በታከሙት ላይ በርክቶ መገኘቱን አስታወቀ። መንግሥቱም በ1994 ዓ.ም. ለተጎዱት ካሣ የሚከፈልበትን ሕግ አወጣ። ልጆቹ በዚያን ጊዜ የራሳቸው ልጆች የነበሯቸው ሰዎች ሆነው ነበር።

ነገሩን የሚያመርረው ይህ ብቻ አይደለም። ከቆረቆር ዓይነቶች ብዙዎቹ ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ በራሳቸው የሚተዉ ናቸው፤ ሰውንም አይገድሉም። የሚያሳፍሩ ግን ናቸው። በኒው ዮርክ ወደብ ኤሊስ ደሴት ላይ ስደተኞችን የሚመረምሩት ሐኪሞች ቆረቆር ያለበትን ሰው አስጸያፊና ተላላፊ ደዌ አለበት ብለው ወደ መጣበት ይመልሱት ነበር። እንግዲህ ጨረሩ የተተኮሰው ሞትን ለማራቅ ሳይሆን ኀፍረትን ለመጥረግ ነበር። ኀፍረቱም የልጁ ሳይሆን በአመዛኙ የተቀባዮቹ ነበር። የሚያሳዝነው ሌላው ነገር፥ ግሪሰዮፉልቪን የተባለው መድኃኒት ከአንድ የሻጋታ ዓይነት ተጣርቶ በ1939 ዓ.ም. ተገኝቶ ነበር፤ በአፍ ቢሰጥ ጭርትን እንደሚፈውስ የታወቀው ግን በ1958 ዓ.ም. ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር ለማለት ይቻላል። ለምን ቢሉ፥ ለልጆች ራስ ቁስል ሲል እንቅልፍ ያጣ ተመራማሪ ብዙ ስላልነበረ ይመስለኛል።

የልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ከዚህ ፍጹም የተለየ መልክ አለው። በ1896 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ሬን የተባለ ሐኪም በጩቤ የተወጋ ሰው ልብ ሰፍቶ ካዳነ ወዲህ፥ ልብን መንካት እንደሚቻል ታውቆ ነበር፤ ከፍቶ ውስጡን መጠገን ግን ደሙን ማቆም ይጠይቃል፤ ደም ሲቆም ደግሞ አንጎል ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይታገሥም። ጆን ጊበን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1931 ዓ.ም. በቦስተን ወደ ሳንባዋ የሚሄደው የደም ሥር በረጋ ደም የተዘጋባትን አንዲት ሴት ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ አድሮ፥ ደሟን ከውጭ ተቀብሎ አየር ሰጥቶ የሚመልስ መኪና ቢኖር ብሎ አሰበ። ከሚስቱ ጋር ሆኖ በድመቶች ላይ ሲሞክር ዓመታት አለፉ፤ ለሙከራው የሚሆኑትን ድመቶች ማታ ማታ በከተማው መንገድ እየዞረ ያጠምድ እንደነበር ይነገራል። በግንቦት 6 ቀን 1953 ዓ.ም. (ይህም እንደ አውሮፓውያን) በፊላደልፊያ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ ልብ በዚህ መኪና እርዳታ ከፍቶ ቀዳዳውን ሰፋ፤ ልጃገረዷም ዳነች።

ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ለእኔ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ይበልጥብኛል። ከልጃገረዷ በፊት የሞከረለት ሕፃን ሞቶበት ነበር፤ ከእሷም በኋላ በዚያው ዓመት ሁለት ልጆች ሞቱበት። ጊበን ሥራውን አቆመ። ሃያ ዓመት የደከመበትን መኪና ለሌሎች ትቶ እሱ ራሱ ወደዚያ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ዳግመኛ አልተመለሰም። ይህን ፍርሃት ያሉት አሉ። በበኩሌ ሰው የሞተበትን መቁጠር ሲችል ትልቅ የሚሆንበት አንድ ጊዜ ይህ ነው እላለሁ። ሆኖም ሁሉም እንደ ጊበን ቢያቆም ኖሮ ዛሬ የሚድኑት ልጆች አይድኑም ነበር፤ አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ጊበን ባቆመ በዓመቱ፥ በመጋቢት 1954 ዓ.ም. በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዋልተን ሊለሃይ አንድ የማይታመን ነገር ይዞ ተነሣ። መኪና አላስፈለገውም፤ በመኪናው ፈንታ ሰው አስቀመጠ። አባቱ ወይም እናቱ በአጠገብ ባለው አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ የልጁ ደም በቧንቧ ወደ ወላጁ ሰውነት ይሄዳል፥ በወላጁ ሳንባ አየር አግኝቶ ወደ ልጁ ይመለሳል፤ የወላጁ ልብ ለሁለት ሰው ይመታል። ልጅ በእናቱ ማኅፀን ሳለ የነበረው ሥርዓት በሐኪም እጅ ዳግመኛ ተሠራ ማለት ነው። ተቃዋሚዎቹ በአንድ ቀዶ ሕክምና ሁለት ሰው ሊሞት የሚችልበት፥ ማለት የሞቱ መጠን ከመቶ ሁለት መቶ ሊደርስ የሚችልበት የመጀመሪያው ሥራ ነው ብለው ነቀፉት። የመጀመሪያው ሕፃን ቀዶ ሕክምናውን አልፎ በአሥራ አንደኛው ቀን በሳንባ ምች ሞተ። ሊለሃይ አላቆመም። እስከ 1955 ዓ.ም. ድረስ ለ45 ሕሙማን ይህን አድርጎ 28ቱ ድነው ወጡ። ከወላጆቹ የሞተ የለም፤ አንዲት እናት ግን በደሟ ውስጥ አየር ገብቶ አንጎሏ ተጎዳ።

የዚያችን እናት ነገር አንባቢ እንዳያልፈው እለምናለሁ። ሕመም አልነበረባትም። ጤነኛ ሆና ገብታ ተጎድታ ወጣች። ፈቅዳ ነበር ይባል ይሆናል። ነገር ግን ለእናት «ደምሽን ካልሰጠሽ ልጅሽ ይሞታል» ተብሎ ሲነገራት እምቢ ልትል ትችላለችን? ሕግ አዋቂ ይህን ነጻ ፈቃድ አይለውም ይሆናል፤ ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ እንደሚፈቅደው ያለ ፈቃድ አይደለምና። ሆኖም እኔ ከሁሉ የጠለቀ ፈቃድ ይህ ይመስለኛል። ወላጁ አደጋውን ከሩቅ ሆኖ በልጁ ላይ አልፈረመም፤ አብሮት ተኛ። በጨረሩ ታሪክ ውስጥ የጎደለው ይህ ነበር። እዚያ ፈቃጁ ቢሮ ነበር፥ የሚቀመጠው ልጅ ነበር፥ መኪናውን የሚያዘው ደግሞ ከእርሳስ መከለያ በስተኋላ ይቆም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ሊለሃይ ስለተሳካለት ነው የምታመሰግነው፤ ሳቡሮም ቢሆን በጎ አሳብ ነበረው» ሊለኝ ይችላል። መልካም ተቃውሞ ነው። በጎ አሳብ የሁለቱም ነበርና በዚህ ልንለያቸው አንችልም። በውጤትም ብቻ ብንለያቸው ፍርዳችን የዕጣ ፍርድ ይሆናል። ለእኔ የሚለያቸው ሌላ ነው። የሊለሃይ ሕፃናት ባይነኩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሚሞቱ ነበሩ፤ ሞቱም ቢመጣ በዚያው ክፍል፥ በሐኪሙ ዓይን ፊት፥ በቀናት ውስጥ ይመጣል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሳይወድ በግዱ ይቆጥረዋል፥ ከእሱም ይማራል። የቆረቆሩ ልጅ ግን ባይነካ ይኖር ነበር፤ ጉዳቱ የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ፥ በሌላ ከተማ፥ በሌላ ሐኪም ፊት ነው። ጨረሩን ያዘዘው ሰው በመዝገቡ ላይ «ዳነ» ብሎ ጽፎ ዘግቶታል። ትልቅ ደዌ ሐኪሙን ያስፈራዋልና ይጠነቀቅለታል፤ ትንሽ ደዌ ግን ስለተናቀ መድኃኒቱም ያለ ጥንቃቄ ይሰጥበታል። በቀላል በሽታ ላይ የሚደረግ ሙከራ ከከባዱ ይልቅ ጥብቅ ጥበቃ ያሻዋል የምለው ስለዚህ ነው፤ ይህን ስናገር ነገሩ ተገላቢጦሽ እንደሚመስል አላጣሁትም።

ዕዳችንን ስንቆጥር ደግሞ ገላቸውን የሰጡትን ብቻ ሳይሆን እጃቸውን የሰጡትንም ማሰብ ይገባል። በኅዳር 1944 ዓ.ም. በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፥ በልባቸው ጉድለት ምክንያት ከንፈራቸው ለሚጠቁር ሕፃናት የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ሲደረግ፥ አሳቡን ያቀረበችው ዶክተር ሄለን ታውሲግ፥ ቢላዋውን የያዘው ዶክተር አልፍሬድ ብላሎክ ነበሩ። ከብላሎክ በስተኋላ ግን በበርጩማ ላይ ቆሞ ስፌቱን አንድ በአንድ የሚመራ ቪቪየን ቶማስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበረ። ሥራውን በውሾች ላይ ደጋግሞ ሠርቶ ያጠናው እሱ ነው፤ የሕክምና ትምህርት ቤት ግን አልገባም፥ ደመወዙም ከጽዳት ሠራተኛ ጋር ተመድቦ ነበር። ሥራው በታተመበት ጊዜ ስሙ አልተጠራም። ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት የሰጠው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ዘግይቶ።

ወደ ልብ ንቅለ ተከላ ስንመጣ ፈንገስና ልብ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በታኅሣሥ መጀመሪያ 1967 ዓ.ም. በኬፕታውን ክርስቲያን ባርናርድ የሞተችን ሴት ልብ አውጥቶ በአንድ ነጋዴ ደረት ውስጥ ተከለ። ሰውዬው አሥራ ስምንት ቀን ኖረ፤ የገደለውም ልቡ ሳይሆን የሳንባ ምች ነበር። ሰውነቱ ባዕዱን ልብ እንዳያባርር ሲባል መከላከያ ኃይሉ በመድኃኒት ተዳክሞ ነበርና። ጋዜጣው ሁሉ በአንድ ስም ተሞላ። በተከተለው ዓመት በብዙ አገሮች ከመቶ በላይ ልቦች ተተከሉ፤ አገር ከአገር፥ ሆስፒታል ከሆስፒታል ይሽቀዳደም ጀመር። አብዛኞቹ ሕሙማን በወራት ውስጥ ሞቱ። እስከ 1971 ዓ.ም. ድረስ ከተሽቀዳዳሚዎቹ የሚበዙት ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ይህ ማቆም ከጊበን ማቆም ጋር አንድ አይደለም። ጊበን የቆመው የሞቱበትን አይቶ ነው፤ እነዚህ ግን መጀመሪያውኑ የገቡት ለዝና ከሆነ፥ ዝናው ሲደበዝዝ ቢወጡ ምን ያስደንቃል?

በስታንፎርድ የነበረው ኖርማን ሻምዌይ ግን ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሞ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በውሾች ላይ ሲደክም የኖረ ሰው ነው፤ የመጀመሪያ መባልን ባርናርድ ቀደመው፤ ሁሉ ሲያቆም ደግሞ እሱ በዝግታ ቀጠለ። እየመዘገበ፥ ሕሙማኑን እየመረጠ፥ ልቡ ሊገፋ ሲል ቀድሞ የሚታወቅበትን መንገድ ከባልደረቦቹ ጋር እየፈለገ፥ ዓመት በዓመት የሚኖሩትን ቁጥር ጥቂት በጥቂት ከፍ አደረገ። ከጠላቶቹ መካከል ፈንገሶች ዋነኞቹ ነበሩ። አስፐርጂለስ የሚባለው በአቧራና በበሰበሰ ቅጠል ላይ የሚኖር ሻጋታ ነው፤ ዘሩን ማንኛችንም በየቀኑ እንተነፍሰዋለን፥ ሰውነታችንም ያጠፋዋል። መከላከያው በተዳከመ ሰው ሳንባ ውስጥ ግን እንደ ርጥብ እንጀራ ላይ ይበቅላል። እነሆ አዲሱ ልብ እየመታ ሳለ፥ በሕክምና ሊቃውንት ዘንድ ተንቆ የኖረው ሻጋታ ሰውየውን ይወስደዋል። ፈንገስን የሚያጠፋው አምፎተሪሲን የተባለው መድኃኒትም ኩላሊትን ይጎዳ ነበር።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔ የመጣው ከወዴት ነው? ሳንዶዝ የተባለው የስዊስ ድርጅት ሠራተኞቹ ለዕረፍት በሄዱበት ሁሉ ጥቂት አፈር በከረጢት ይዘው እንዲመጡ ያደርግ ነበር። ከኖርዌይ ሃርዳንገር አምባ የመጣው አፈር ውስጥ አንድ ፈንገስ ተገኘ፤ ሌሎችን ፈንገሶች የሚያጠፋ መድኃኒት ይገኝበታል ተብሎ ተመረመረ። በዚህ በኩል ደካማ ሆነ። ሊጣል የነበረው ነገር በ1972 ዓ.ም. በሌላ ፈተና ሲታይ የሰውነትን መከላከያ፥ ጭራሹን ሳይደመስስ፥ እንደሚያለዝብ ታወቀ። ይህ ሳይክሎስፖሪን ነው። ሻምዌይና ጓደኞቹ ከ1980 ዓ.ም. ጀምረው ለልብ ሕሙማን ሰጡት፤ በ1983 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ልባቸውን ያቆሙት ሆስፒታሎች ሁሉ ወደ ሥራው ተመለሱ። ያ ፈንገስ በተፈጥሮው የጥንዚዛ ትሎችን የሚገድል መሆኑ በኋላ ሲታወቅ፥ የባሲን የሐር ትሎች ማስታወስ ግድ ይሆናል።

ስለ አፈር ከተነሣ አይቀር፥ ኤልሳቤጥ ሄዝንና ራሄል ብራውን የተባሉትን ሁለት አሜሪካውያት ሳላነሣ ማለፍ አልወድም። በኒው ዮርክ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ አንዷ በኒው ዮርክ ከተማ፥ አንዷ በኦልባኒ ሆነው ናሙናውን በፖስታ እየተላላኩ ይሠሩ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ከአንድ ወዳጅ እርሻ ከተወሰደ አፈር ኒስታቲን የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት አገኙ፤ ስሙንም ከግዛታቸው ስም አወጡለት። ከመድኃኒቱ የተገኘው የባለቤትነት ገቢ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። አንዲት ሳንቲም ለራሳቸው ሳይወስዱ ሁሉንም ለምርምር ሰጡት፤ ደመወዛቸውን እየበሉ ጡረታ ወጡ። ስማቸውን ከባርናርድ ስም ጋር የሚያውቅ ሰው ስንት ይሆን?

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ እንዳይቀር ወደ ራሳችን ልመለስ። በኢትዮጵያ ልጆች ላይ ልብን ከሚያበላሹት ነገሮች ዋነኛው ከጉሮሮ የሚጀምር ነው። ሕዝቡ ቶንሲል የሚለው የጉሮሮ ሕመም ከባክቴሪያ የመጣ እንደሆነና ሳይታከም ሲቀር፥ በአንዳንድ ልጆች ላይ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ ትኩሳት ይከተለዋል፤ ይህም ሲደጋገም ቫልቭ የሚባሉትን የልብ በሮች ያጠብባል፥ ያቆራፍዳል። ልጁ ከዓመታት በኋላ ዳገት ሲወጣ ይደክመዋል፥ እግሩ ያብጣል፥ ያን ጊዜ የጉሮሮውን ነገር የሚያስታውስ የለም። ቀደም ባለው ጊዜ እንዲህ ያሉት ልጆች ጥቂቶቹ ወደ ውጭ አገር፥ ከነዚያም መካከል ወደ እስራኤል፥ እየተላኩ ይታከሙ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ተከፍቶ በአገራችን መታከም ተቻለ። ወረፋ የሚጠብቁት ግን ከሚታከሙት እጅግ ይበዛሉ። ይህን ደዌ ከሥሩ የሚያስቀረው ደግሞ ፔኒሲሊን ነው፤ እሱም በመጀመሪያ የተገኘው ከሻጋታ ነው። ትኩሳቱ አንድ ጊዜ ለያዘው ልጅ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ አንድ መርፌ እየተሰጠው ዓመታት ቢቆይ ልቡ ከተጨማሪ ጉዳት ይጠበቃል።

እንግዲህ በጀት የሚያድል ሰው ፊት ጥያቄው እንዲህ ሆኖ ይቀርባል። በአንድ ቀዶ ሕክምና ወጪ ብዙ መርፌ ይገዛል፤ ታዲያ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ? በቍጥር ብቻ የሚያስብ ሰው መርፌውን ይመርጣል፥ የሚረታውም አይገኝም። ነገር ግን ልቧ ከወዲሁ የተበላሸባት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በወረፋው ላይ ተቀምጣለች። ለእሷ መርፌው የቀረው በጊዜው ጤና ጣቢያ ስላልነበረ፥ ወይም አስተማሪዋ የጉሮሮ ሕመም ወደ ልብ እንደሚያደርስ ስላልሰማ ነው። «አንቺ ዘግይተሻል፥ ገንዘቡ ለሚመጡት ነው» ብሎ የሚነግራት ሰው፥ በሌሎች ጥቅም ስም በእሷ ገላ ላይ የሚፈርድ ነውና፥ ከጨረሩ አዛዥ በምን ይለያል? በሌላ በኩል ደግሞ ቀዶ ሕክምናው የሚታይና የሚወደስ ስለሆነ ብቻ መርፌው ቢዘነጋ፥ ወረፋው ሲረዝም ይኖራል። እኔ ለሁለቱም ገንዘብ ይበቃል አልልም፤ ግን የመርፌው ገንዘብ ከልጅቱ ላይ ብቻ የሚቀነስበት ምክንያት አይታየኝም፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ከእሷ አስቀድሞ ሊቀነስ የሚችል ሌላ ብዙ መስመር አለና።